ዋናክራይና የኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ደኅንነት፦ የ2017ቱ ጉዳይ ሲመረመር

ከዊንዶውስ፣ ከሊኑክስና ከማክ የትኛው ይበልጥ አስተማማኝ ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የደጋፊ መልስ ነው። የሊኑክስ ወዳጅ ቫይረስ አይነካውም ይላል። የማክ ባለቤት ያወጣበትን ገንዘብ እንደ ማስረጃ ያቀርባል። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ደግሞ ብዙ የሚጠቃው ብዙ ስለሆነ ነው ብሎ ይከራከራል። ሦስቱም የሚሉት ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ነገር ግን በተመዘገበ ክስተት ሲፈተን ሩቅ አይሄድም።

ስለዚህ ክርክሩን ትቼ አንድ ጉዳይ ብቻ እመረምራለሁ፤ በሜይ 2017 የደረሰውን፣ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀውን የዋናክራይ ጥቃት። የመረጥኩት ዝነኛ በመሆኑ አይደለም። በዚያው ወር ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ በሚሠራ አገልግሎት፣ ማለትም ፋይልን በኔትወርክ በሚያጋራው ክፍል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ ከባድ ክፍተት ሲያነጋግር ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ማክም በተራው ተፈተነ። ሆን ተብሎ ቢታቀድ እንኳ ከዚህ የተሻለ የማነጻጸሪያ አጋጣሚ አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሆነው

ኤስኤምቢ የሚባለው ፕሮቶኮል በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ፋይልና ማተሚያ የሚጋሩበት መንገድ ነው። አገልግሎቱ ፖርት 445 በሚባለው የኔትወርክ በር ላይ ሆኖ ጥያቄ ይጠብቃል። መሠረቱ የተጣለው በ1980ዎቹ ሲሆን የመጀመሪያው ዝርያ፣ ኤስኤምቢ 1፣ በ2017 ዕድሜው ወደ ሠላሳ ዓመት ተጠግቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ በሴፕቴምበር 2016 ደንበኞቹ ይህን ዝርያ መጠቀም እንዲያቆሙ በይፋ ወትውቷል። ሆኖም ዊንዶውስ ሲጫን ኤስኤምቢ 1 አብሮ ይበራ ነበር። አሮጌው ማተሚያ ወይም አሮጌው የፋይል ሰርቨር እንዳይቋረጥ የሚሰጉ ድርጅቶች ስለነበሩ አጥፉት የሚለው ምክር ብዙ ሰሚ አላገኘም።

ማርች 14 ቀን 2017 ማይክሮሶፍት ኤምኤስ17-010 የተባለውን የደኅንነት ዝማኔ አወጣ። ዝማኔው የሚዘጋው ክፍተት በወቅቱ ድጋፍ ያልተቋረጠባቸውን የዊንዶውስ ዝርያዎች ሁሉ፣ ከቪስታ እስከ ዊንዶውስ 10፣ የሚነካ ነበር። በወሩ፣ ኤፕሪል 14፣ ሻዶው ብሮከርስ የሚል ስም የያዘ ማንነቱ ያልታወቀ ቡድን ከአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እንደወጡ የሚታመኑ የጥቃት መሣሪያዎችን ለሕዝብ በተነ። ከመካከላቸው ኢተርናልብሉ የተባለው ዝማኔው የዘጋውን ያንኑ ክፍተት የሚጠቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ቀን አለፈ፤ አርብ ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ ተነሳ።

ዋናክራይ ማንም ሰው አንዳች ነገር እንዲከፍት አይጠብቅም። አንድ ኮምፒውተር ላይ ከሰፈረ በኋላ በውስጥ ኔትወርኩም በኢንተርኔትም ላይ ፖርት 445 የተከፈተባቸውን ማሽኖች ያስሳል፣ በኢተርናልብሉ ይገባባቸዋል፣ ፋይሎቻቸውን ይቆልፍና 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቃል። በሦስት ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ቤዛው 600 ዶላር ይሆናል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ፋይሎቹ እስከ ወዲያኛው እንደሚጠፉ ያስፈራራል። የአውሮፓ የፖሊስ ተቋም ዩሮፖል በዚያው ቅዳሜና እሑድ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ተጠቂዎች መኖራቸውን አስታወቀ። የስፔኑ ቴሌፎኒካ፣ የፈረንሳዩ ሬኖ፣ የጀርመን ባቡር ጣቢያዎች የማስታወቂያ ሰሌዳዎች፣ የሩሲያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ኮምፒውተሮች ከተጠቁት መካከል ነበሩ።

ጥቃቱን ያቆመው የትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልነበረም። ማርከስ ሃቺንስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ተመራማሪ ኮዱ ውስጥ ያልተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ አገኘና በትንሽ ገንዘብ አስመዘገበው። ኮዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያንን አድራሻ ይጠይቅ ነበር፤ መልስ ካገኘ ራሱን ያቆማል። አድራሻው ሲመዘገብ ስርጭቱ በዚያው ምሽት ረገበ። ይህ ባይሆን ኖሮ ቀጥሎ የምንቆጥራቸው ቁጥሮች ሁሉ ሌላ መልክ በያዙ ነበር።

ጉዳዩ በደንብ የተመዘገበው በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ላይ ነው። የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ236 የሆስፒታል ተቋማት ቢያንስ 80ው ተጎድተዋል፤ 595 የሐኪም ክሊኒኮችም ተጠቅተዋል። ወደ 1,220 የሚጠጉ የምርመራ መሣሪያዎች ተበክለዋል። በአምስት አካባቢዎች ድንገተኛ ሕመምተኞች ወደ ራቀ ሆስፒታል መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። የአገሪቱ ጤና መሥሪያ ቤት በኋላ ጠቅላላውን ጉዳት በ92 ሚሊዮን ፓውንድ ገምቶታል።

ኤክስፒ የተሸከመው ሰበብ

ጥቃቱ በተሰማ በሰዓታት ውስጥ ጥፋተኛው ተወስኖ ነበር፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ። ድጋፉ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 የተቋረጠ አሮጌ ሲስተም ነው፤ ሆስፒታሎች አሁንም ይጠቀሙበታል፤ እንግዲህ ሌላ ምን ይፈለጋል? ማይክሮሶፍትም ጥቃቱ ከተነሳ በኋላ ለኤክስፒና ለሌሎች ድጋፍ ለተቋረጠባቸው ዝርያዎች ልዩ ዝማኔ በነፃ ለቀቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቢሆንም ከዝምታ ይሻላል።

ቆየት ብሎ የተሰበሰበው መረጃ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ካስፐርስኪ ከራሱ ደንበኞች በሰበሰበው መረጃ ከተበከሉት ኮምፒውተሮች 98 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠሩ ነበሩ። የኤክስፒ ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የእንግሊዙ የኦዲት ሪፖርትም ተመሳሳይ ነው፤ በጤና አገልግሎቱ ውስጥ ከተበከሉት ማሽኖች አብዛኞቹ ድጋፍ ያላቸው፣ ነገር ግን ዝማኔው ያልተጫነባቸው ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ኤክስፒ ለምን ተረፈ? ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ክፍተቱ እሱም ላይ ነበር። ተመራማሪዎች ዋናክራይን በቤተ ሙከራ ሲሞክሩት በኤክስፒ ላይ ያለው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን በሰማያዊው የስህተት ስክሪን ያቆመዋል እንጂ ኮዱ በትክክል አይሰፍርበትም። ማለትም ኤክስፒን ያዳነው የአጥቂው ኮድ ያልተስተካከለ መሆኑ ነው። ይህን እንደ ደኅንነት የሚቆጥር ሰው መቼም አይጠፋም፤ እኔ ግን አልቆጥረውም።

እዚህ ላይ አንድ ጉደኛ ዝርዝር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ዋናክራይ ፋይሎችን ለመቆለፍ የሚጠቀምበትን ቁልፍ ያመነጨው ዊንዶውስ ውስጥ ባለ የምስጠራ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሥራውን ሲጨርስ የቁልፉን ጥሬ ቁጥሮች ከሜሞሪ ማጥፋት ይገባዋል። ዊንዶውስ 10 ያጠፋል። ኤክስፒ ግን አያጠፋም ነበር። በዚህ ምክንያት ማሽኑ ካልጠፋና እንደገና ካልተነሳ፣ ቁልፉን ከሜሞሪ ለቃቅሞ ፋይሎቹን መክፈት የሚችል መሣሪያ አንድ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ሠራ፤ ሌላው ደግሞ እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ እንዲሠራ አሻሻለው። የአሮጌው ሲስተም ድክመት የተጠቂውን ፋይል አዳነ ማለት ነው። ደኅንነትን በነጥብ አሰጣጥ ሠንጠረዥ ለመለካት የሚሞክር ሰው ይህንን በየትኛው ረድፍ እንደሚያስገባው ማየት እፈልጋለሁ።

አንድ ክፍተት፣ ሁለት ዊንዶውስ

ከዋናክራይ ትምህርት የሚገኘው ዊንዶውስን ከሌላ ጋር ከማነጻጸር ይልቅ ዊንዶውስ 7ን ከዊንዶውስ 10 ጋር በማነጻጸር ይመስለኛል። ክፍተቱ በሁለቱም ላይ አንድ ነበር። ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

ስህተቱ ራሱ ትንሽ ነው። ኤስኤምቢ 1 ኦኤስ/2 ከሚባለው ጥንታዊ ሲስተም ጋር ለመግባባት ሲል የፋይል ተጨማሪ ባሕርያትን ዝርዝር ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ የሚለውጥ ክፍል ነበረው። የዝርዝሩን መጠን የሚይዘው ቁጥር 32 ቢት ሆኖ ሳለ፣ መጠኑ ሲስተካከል የሚጻፈው የታችኛው 16 ቢት ብቻ ነበር። አጥቂው ቁጥሩን አስልቶ ከላከ ፕሮግራሙ ትንሽ ቦታ አዘጋጅቶ ብዙ ይጽፋል፤ ትርፉ አጠገቡ ባለው ሜሞሪ ላይ ይፈሳል። ኦኤስ/2ን በ2017 የሚጠቀሙ ሰዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ለእነሱ ሲባል የተቀመጠው ኮድ ግን በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ማሽኖች ላይ ይሠራ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ከርነል ውስጥ ነው። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ የተጠቃሚ መብት፣ የፋይል ጥበቃ፣ የፀረ ቫይረስ ፕሮግራሙ ሳይቀር ከእሱ በታች ናቸው። እዚያ የገባ አጥቂ የይለፍ ቃል መስበር አያስፈልገውም፤ ከማንም አስተዳዳሪ በላይ ነው። ፋይል ማጋራትን የሚያህል ከውጭ ጥያቄ የሚቀበል አገልግሎት በከርነል ውስጥ ማስቀመጥ ፍጥነት ይሰጣል፤ ዋጋው ግን በሜይ 2017 ታየ።

ታዲያ ዊንዶውስ 10 በምን ተለየ? በሁለት ነገር። አንደኛው የንድፍ ነው። በዊንዶውስ 7 ከርነል ውስጥ አድራሻው በየማሽኑ አንድ ዓይነት የሆነና ኮድ ሊሠራበት የሚፈቀድ የሜሞሪ ክፍል ነበር። ኢተርናልብሉ የተላከውን ኮድ እዚያ ያስቀምጥና ሲስተሙ ወደዚያ እንዲዘል ያደርጋል። አድራሻው ስለማይለዋወጥ መገመት አያስፈልግም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በዚያ ክፍል ላይ ኮድ መሥራት ተከለከለ። በ2017 በወጣው የዊንዶውስ 10 ዝርያ 1703 ደግሞ አድራሻው ራሱ በየማሽኑ እንዲለያይ ተደረገ። ስህተቱ እንዳለ ነው፤ ስህተቱን ወደ ጥቃት መለወጥ ግን በእጅጉ ከበደ። ከበደ እንጂ አልተዘጋም፤ ጥቃቱ በተነሳ በወሩ ገደማ ተመራማሪዎች ኢተርናልብሉን በመጀመሪያዎቹ የዊንዶውስ 10 ዝርያዎች ላይ እንዲሠራ አድርገው አሳይተዋል። ዋናክራይ ግን ያንን ሥራ አልሠራም ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነው። ዊንዶውስ 10 በቤት ኮምፒውተር ላይ ዝማኔን ሳያስፈቅድ ይጭን ነበር። ሥራ መሀል ላይ ማሽኑ ሲጠፋ ማን ይወዳል? ነገር ግን ከማርች 14 እስከ ሜይ 12 ባሉት 59 ቀናት ውስጥ ይህ አስጨናቂ ጠባይ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ማንም ሳያስብበት ዘግቷቸዋል። ዊንዶውስ 7 ግን ባለቤቱ እንዲያዘገይ ይፈቅድ ነበር፤ ባለቤቱም ለነገ ያሳድራል። በድርጅት ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ዝማኔ የሚፈተንበት፣ የሚፈቀድበት፣ የሚጫንበት ሂደት አለ፤ ሂደቱም ብዙ ጊዜ ከአጥቂው ያዘግማል። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት የኮምፒውተር ክፍል በማርችና በኤፕሪል 2017 ይህን ዝማኔ ጫኑ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ88 ተቋማት ላይ የደኅንነት ፍተሻ አድርጎ አንዳቸውም አላለፉም። የኦዲት ሪፖርቱ ሌላም ነገር ይጨምራል፤ ዝማኔው ባይጫን እንኳ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ፋየርዎል በአግባቡ ቢያዝ ተቋማቱን መጠበቅ ይቻል ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ዊንዶውስን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ

ዋናክራይ በተነሳ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሜይ 24፣ የሳምባ ፕሮጀክት የራሱን ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሳምባ ሊኑክስና መሰሎቹ ሲስተሞች የዊንዶውስን የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ እንዲናገሩ የሚያደርግ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ክፍተቱ ሲቪኢ-2017-7494 ተብሎ ተመዘገበ፤ በማርች 2010 ከወጣው ዝርያ 3.5.0 ጀምሮ ያሉትን ሁሉ ይነካል። ሰባት ዓመት ማንም ሳያየው ኖሯል ማለት ነው። ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኮድ ብዙ ዓይን ስለሚያየው ስህተቱ ቶሎ ይገኛል የሚለው ተስፋ እዚህ ላይ አልሠራም። ዓይን መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ያችን መስመር ሊያነብ የተቀመጠ ሰው መኖሩ ሌላ።

የክፍተቱ ባሕርይ ከዊንዶውሱ ይለያል። አጥቂው መጀመሪያ መጻፍ የሚችልበት የጋራ አቃፊ ማግኘት አለበት፤ እዚያ አንድ የፕሮግራም ፋይል ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሰርቨሩ ያንን ፋይል የራሱ አካል አድርጎ እንዲጭነው ያደርጋል። የሜሞሪ ስሌት፣ የአድራሻ ግምት የለበትም። ሁኔታው ከተሟላ ግን ከኢተርናልብሉ ይልቅ እጅግ ቀላል ነው። መሟላቱ ላይ ነው ልዩነቱ፤ ኢተርናልብሉ የተከፈተ ፖርት ብቻ ይበቃዋል፤ ይህኛው የሚጻፍበት አቃፊ ይፈልጋል።

ሌላም ልዩነት አለ። ሳምባ የሚሠራው ከከርነል ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም ነው። ሥራውን የሚጀምረው በከፍተኛ መብት ስለሆነ ይህ ብቻውን ብዙ አያጽናናም። በሬድ ሃት ሊኑክስ ላይ ግን ኤስኢ-ሊኑክስ የሚባለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ሳይጠፋ ከቆየ፣ ሳምባ ከራሱ የፕሮግራም አቃፊ ውጭ ያለን ፋይል እንደ አካሉ እንዳይጭን ይከለክለዋል። በዚህ ዓይነት አደረጃጀት የተተወ ሰርቨር ዝማኔው ሳይደርሰውም ጥቃቱን ይመክት ነበር። ከርነል ውስጥ ለሚሠራ አገልግሎት እንዲህ ያለ አጥር ማጠር አይቻልም። የንድፍ ልዩነት ሲባል እኔ የምረዳው ይህንን ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙ የሰርቨር መመሪያዎች፣ አንድ ነገር እምቢ ሲል፣ ኤስኢ-ሊኑክስን አጥፉት ብለው ይጀምራሉ።

ዝማኔውስ? ዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች (ሊኑክስን አሰናድተው የሚያቀርቡት ዝርያዎች) ማስጠንቀቂያው በወጣበት ቀን አካባቢ የታረመውን ሳምባ አቀረቡ። ሰርቨሩን የሚከታተል ባለሙያ ካለ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። ችግሩ ሊኑክስ የሚኖረው ባለሙያ በሚከታተለው ሰርቨር ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። በየቤቱና በየቢሮው የተቀመጡ የፋይል ማከማቻ ሣጥኖችና የኢንተርኔት ራውተሮች ውስጥም ሊኑክስና ሳምባ አለ። ባለቤታቸው ውስጣቸው ምን እንዳለ አያውቅም፤ አምራቹ ዝማኔ ካላዘጋጀ የሚጭነው የለም። አጥቂዎችም የሄዱት ወደዚያ ነው። ማስጠንቀቂያው በወጣ በሳምንት ገደማ ክፍተቱን ተጠቅሞ ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በሰው ማሽን ላይ የሚያመርት ኮድ ታየ፤ በጁላይ ደግሞ የፋይል ማከማቻ ሣጥኖችን የሚያጠቃ ሌላ ኮድ ተገኘ።

የሁለቱ ጥቃቶች ስፋት አይወዳደርም፤ የሳምባው ዋናክራይን የሚያህል ቀውስ አልፈጠረም። ከዚህ ተነስቶ ሊኑክስ አሸነፈ የሚል ካለ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። በደንብ የተያዘው ሊኑክስ በደንብ ከተያዘው ዊንዶውስ 10 ጋር፣ ተረስቶ የተቀመጠው የማከማቻ ሣጥንም ዝማኔ ካላየው ዊንዶውስ 7 ጋር ነው የሚመደበው።

ማክ በዚህ ሁሉ

አፕል ለረጅም ጊዜ በማክ ላይ ይጠቀም የነበረው ይኸው ሳምባ ነበር። በ2011 በወጣው ኦኤስ ኤክስ 10.7 ላይ ግን አውጥቶ ራሱ በጻፈው ተካው። ምክንያቱ ሳምባ የተዛወረበት አዲሱ የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ እንደሆነ በሰፊው ተነግሯል። ስለዚህ የሳምባው ክፍተት ይፋ ሲሆን ማኮች ነፃ ነበሩ። በሕግ ሰዎች ክርክር የተወሰደ ውሳኔ ከስድስት ዓመት በኋላ የደኅንነት ጥቅም ሆነ። በማክ ላይ ፋይል ማጋራት ተጠቃሚው ካላበራው በቀር ጠፍቶ የሚመጣ መሆኑም መረሳት የለበትም፤ ጥያቄ የማይቀበል አገልግሎት ክፍተት ቢኖረውም ከውጭ አይነካም።

ማክ ግን ዓመቱን በሰላም አልጨረሰም። ኖቬምበር 28 ቀን አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ በማክ ኦኤስ ሃይ ሲየራ ላይ የተጠቃሚ ስም ቦታ ላይ «ሩት» (የዋናው አስተዳዳሪ መለያ ስም) ብሎ ጽፎ የይለፍ ቃሉን ባዶ በመተው፣ ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ በመጫን፣ የሙሉ አስተዳዳሪነት መብት ማግኘት እንደሚቻል በአደባባይ ገለጠ። የከርነል ሜሞሪ ጥበብ አያስፈልግም፤ ልጅም ይችለዋል። የስክሪን ማጋራት አገልግሎት በበራበት ማሽን ላይ ደግሞ ከሩቅም ይሠራ ነበር።

አፕል በማግስቱ ማስተካከያውን ለቀቀ፤ በዚያው ቀንም በራሱ እንዲጫን አደረገ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ማሽኑንም ሲስተሙንም የሚሠራው አንድ ኩባንያ ስለሆነ በመሀል የሚያዘገይ የለም። ሆኖም ጥድፊያው የራሱን ጣጣ አመጣ። ማስተካከያው በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ፋይል ማጋራትን ሰበረ፤ አፕል ለዚያም ሌላ መፍትሔ ማውጣት ግድ ሆነበት። ማስተካከያውን ከጫኑ በኋላ ከ10.13.0 ወደ 10.13.1 ያሳደጉ ሰዎች ደግሞ ክፍተቱ ተመልሶ ተከፍቶ አገኙት። ድርጅቶች ዝማኔን ሳንፈትን አንጭንም የሚሉት ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከላይ የዘገዩትን ስወቅስ የነበርኩት እኔም ይህን ሳስብ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

በቁጥር ማነጻጸር

የተመዘገቡ ክፍተቶችን ቆጥሮ ሲስተሞችን በደረጃ የሚያሰልፍ ሠንጠረዥ በየዓመቱ ይወጣል። ብዙም አልጠቀምበትም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2017 ባወጣው ዝርያ ከ50,000 በላይ የፕሮግራም ጥቅሎችን አብሮ ያከፋፍል ነበር፤ በየትኛውም ጥቅል ላይ ክፍተት ሲገኝ በዴቢያን ስም ሊቆጠር ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ተጠቃሚው ከሌላ ቦታ አምጥቶ የሚጭነው ፕሮግራም ግን በዊንዶውስ ስም አይቆጠርም። ከዚህም በላይ በቆጠራው ኢተርናልብሉ የሚጠቀምበት ክፍተት አንድ ነው፤ ማንም ያልተጠቀመበት ተራ ስህተትም አንድ ነው።

የተጠቂዎች ቁጥርም እንደዚያው ያሳስታል። ዋናክራይ ማክን አልነካም፤ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነውና። የድርጅቶች ጠረጴዛ በዊንዶውስ የተሞላ ስለሆነ ቤዛ ለሚፈልግ ሰው ሌላውን መጻፍ አያዋጣውም። ይህ የማክ ባለቤት የሚያገኘው እውነተኛ ጥቅም ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ጥቅሙ የሲስተሙ ሳይሆን የገበያው ነው፤ አጥቂው ስሌቱን በቀየረ ቀን ይቀየራል። ስልታዊ ኢላማ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ጋዜጠኛ ወይም የባንክ የገንዘብ ዝውውር ኃላፊ፣ በዚህ ሊመካ አይገባም።

ዝማኔው ብቻውን ያልበቃበት

እስከዚህ የመጣ አንባቢ ዝማኔ ቶሎ የሚደርሰው ሲስተም ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ከዋናክራይ ስድስት ሳምንት በኋላ የመጣው ሌላ ጥቃት ይህን መደምደሚያ ይገዳደራል። ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ኮድ ከዩክሬን ተነስቶ ተሰራጨ። እሱም ኢተርናልብሉን ይዞ ነበር፤ ግን በዚያ ብቻ አልተወሰነም። አንድ ማሽን ላይ ሲገባ በሜሞሪ ውስጥ ያሉትን የአስተዳዳሪዎች የይለፍ መረጃ ይለቅምና ወደ ሌሎች ማሽኖች በሕጋዊው መንገድ ይገባል። የማርቹ ዝማኔ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮችም፣ ዊንዶውስ 10 ያላቸውን ጨምሮ፣ በዚህ መንገድ ወደቁ።

መጀመሪያ የገባውስ በምን ነበር? በዩክሬን ብዙ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት የሒሳብ ሶፍትዌር ዝማኔ። አጥቂዎቹ የአምራቹን የዝማኔ ሰርቨር ሰብረው ኮዱን እዚያ ጨመሩበት፤ ደንበኞቹም በታዛዥነት ጫኑት። ሜርስክ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ብቻ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መጫን ግድ እንደሆነበት የቦርዱ ሊቀ መንበር በ2018 ተናግረዋል።

እዚህ ላይ የሲስተሙ ስም ከሥዕሉ ፈጽሞ ወጥቷል። አንድ የአስተዳዳሪ መለያ በሁሉም ማሽኖች ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ በሊኑክስ ላይ በሁሉም ሰርቨሮች የሚያስገባ አንድ ቁልፍ በአንድ አቃፊ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ውጤቱ አንድ ነው። ኔትወርኩ ወደ ክፍሎች ያልተከፋፈለ ከሆነ አንድ ማሽን መያዝ ሁሉንም መያዝ ነው።

የግዢው ጥያቄ

ይህን ጉዳይ አንብቦ ለድርጅቱ ሲስተም የሚመርጥ ሰው ቢጠይቀኝ ስም አልሰጠውም። ሲስተሙ ሲጫን ከውጭ ጥያቄ የሚቀበሉ አገልግሎቶች ስንት እንደሆኑ፣ ለማን እንደሚያስፈልጉ አስቆጥረዋለሁ። እነዚያ አገልግሎቶች በየትኛው እርከን ላይ እንደሚሠሩና ቢሰበሩ የሚያግዳቸው አጥር እንዳለ አስጠይቀዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ዝማኔ ሲወጣ የሚጭነው ሰው ማን ነው፣ በስንት ቀን ይጭናል እለዋለሁ። ለመጨረሻው ጥያቄ በስም የሚጠራ ሰው ከሌለ፣ ሳያስፈቅድ ራሱን የሚያድሰውን ሲስተም ይምረጥ። ሊኑክስን የሚያስተዳድር ባለሙያ ሳይኖር በወሬ ሊኑክስ መግዛት ባለቤት የሌለው ሰርቨር መግዛት ነው። ለአሥር ዓመት ከሚያገለግል ውድ ማሽን ጋር የሚመጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ የዝማኔ ዘመኑ ስንት ዓመት እንደሆነ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። የሆስፒታል የምርመራ መሣሪያዎች ጣጣ ከዚህ የመጣ ነው፤ መሣሪያው ገና ሲሠራ ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ሞቶ ነበር።

ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ዝርያ 1709 ጀምሮ ኤስኤምቢ 1ን ከአዲስ ጭነት አወጣው። በዲሴምበር 2017 አሜሪካና ብሪታንያ ጥቃቱን በሰሜን ኮሪያ ላይ አላከኩ፤ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አንድ ሰሜን ኮሪያዊ ፕሮግራመርን ከሰሰ። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ የተቋረጠው በጃንዋሪ 2020 ነው።

የዋናክራይ ኮድ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ እንደገና ታይቷል። በኦገስት 2018 ለሌሎች ኩባንያዎች በትእዛዝ ቺፕ ከሚያመርቱት የዓለም ትልቁ የሆነው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ምርቱን በከፊል ለማቆም ተገደደ። ምክንያቱ የዋናክራይ ዝርያ ነበር። ኩባንያው እንደገለጸው አዲስ የገባ መሣሪያ ሶፍትዌሩ ሲጫን ሳይፈተሽ ከኔትወርኩ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያ ዝማኔ ወዳልተጫነባቸው ዊንዶውስ 7 ማሽኖች ተዛመተ። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ጉዳቱን ከሩብ ዓመቱ ገቢ 3 በመቶ ገደማ አድርጎ ገምቶት ነበር። ያኔ ኤምኤስ17-010 ከወጣ አንድ ዓመት ከአራት ወር አልፎት ነበር።